ቀዶ ጥገና፣ መርፌ ወይስ ኪኒን? ለተሰራጨ የፕሮስቴት ካንሰር የሆርሞን ሕክምና ስንመርጥ

ሐኪሙ ነገሩን የነገረን በአምስት ደቂቃ ውስጥ ነው። ካንሰሩ ከፕሮስቴት ወጥቶ ዳሌና የጀርባ አጥንት ላይ ደርሷል። የወንድ ሆርሞንን የሚያወርድ ሕክምና መጀመር አለበት። ወይ የዘር ፍሬዎቹ በቀዶ ጥገና ይወጣሉ፣ ወይ በየሦስት ወሩ መርፌ ይወጋሉ። ተመካከሩና ንገሩን። አባቴ ወጥተው ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ብዙ ዝም አሉና "እንደ ሙክት ሊያኮላሹኝ ነው?" አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። አባቴን ያስታመምኩ፣ ከዚያም ተመሳሳይ ነገር የገጠማቸውን ዘመዶችና ጎረቤቶች ይዤ ሐኪም ቤት የተመላለስኩ ሰው ነኝ። ይህን የምጽፈው ዛሬ ያ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰውና አጠገቡ ላለው ቤተሰብ ነው። እኛ ያኔ "ካንሰሩን በደንብ የሚመታው የቱ ነው?" እያልን ሁለት ሳምንት አባከንን። በኋላ እንደገባኝ ግን፣ በትክክል እስከተደረጉ ድረስ ቀዶ ጥገናውም መርፌውም ሆርሞኑን እኩል ያወርዱታል። የሚለያዩት በሌላ ነገር ነው። በፍጥነት ይለያያሉ። በዋጋ ይለያያሉ። አንዱ ሊቋረጥ ይችላል፣ ሌላው አይችልም። ለልብ ሕመምተኛ አንዱ ከሌላው ይሻል ይሆናል። ሰውየው ስለ ገላው የሚሰማውም አለ፣ እሱም ትንሽ ነገር አይደለም። መምረጥ ያለብን እነዚህን አይተን ነው።

ሁሉም የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው

ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ ሥር ያለች ትንሽ እጢ ናት። እዚያ የሚነሳው ካንሰር የሚያድገው ቴስቶስትሮን በሚባለው የወንድ ሆርሞን ነው። ከዚህ ሆርሞን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚመረተው በዘር ፍሬዎች ነው። የቀረው ጥቂቱ ከኩላሊት በላይ ከተቀመጡት አድሬናል እጢዎች ይመጣል። ይህቺን ጥቂት ያዟት፣ ኋላ እንመለስባታለን። ቻርልስ ሀጊንስ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1941 ከባልደረባው ጋር ሆኖ ሆርሞኑ ሲወርድ የተሰራጨ የፕሮስቴት ካንሰር እንደሚዳከም አሳየ። በ1966 ለዚህ ሥራው ኖቤል ተሸለመ። ከዚያ ወዲህ የመጡት መርፌዎችና ኪኒኖች ሁሉ ያንኑ ሐሳብ በሌላ መንገድ የሚፈጽሙ ናቸው።

ምን እንጠብቅ? እውነቱን መናገር ይሻላል። አጥንት ላይ የደረሰን ካንሰር ይህ ሕክምና አያጠፋውም፤ ያስተኛዋል። ግን ሲያስተኛው ብዙ ነው የሚለወጠው። ሌሊት በአጥንት ሕመም ሲያቃስት ያነጋ የነበረ ሰው በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ እንቅልፍ ያገኛል። ተቸግሮ የነበረ ሽንት በደንብ ይወርዳል። የምግብ ፍላጎት ይመለሳል። በደም የሚለካው ፒኤስኤ፣ ማለትም ፕሮስቴት የሚያመነጨውና የካንሰሩን ሁኔታ የሚጠቁመው ፕሮቲን፣ ከመቶዎች ወደ አንድ ቤት ቁጥር ሲወርድ አይቻለሁ። ሕክምናው የማይሠራለት ሰው ጥቂት ነው። እስከ መቼ ያቆየዋል ለሚለው ግን ከሰው ሰው ይለያያል። አንዱን ከዓመት ትንሽ በላይ፣ ሌላውን ብዙ ዓመት።

ቀዶ ጥገናው

መጀመሪያ ፍርሃቱን እናውጣው። ሰው "ስልብ" የሚለው ቃል ጆሮው ላይ ያቃጭላል። ቃሉ ከጦርነትና ከውርደት ጋር አብሮ የኖረ ስለሆነ አንድ የ70 ዓመት አባት ሲሰማው ቢደነግጥ አይገርምም፣ ሊወቀስም አይገባም። ስለዚህ የሚደረገውን በግልጽ ንገሩት። ብልቱ አይነካም። ሽንት የሚሸናው እንደ ወትሮው ነው። ድምፁ አይቀጥንም፣ ያ የሚሆነው ገና ልጅ ሳሉ ለተሰለቡ ነው። የሚወጣው ከከረጢቱ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ፍሬዎች ብቻ ናቸው። አንዳንድ ሐኪሞች የፍሬውን ሽፋን ትተው ሆርሞን የሚያመርተውን የውስጡን ክፍል ብቻ ያወጣሉ። ያኔ ከረጢቱ ባዶ አይሆንም፣ ሲነኩት ትንሽ ነገር ይኖራል። ይህ ለሰውየው ትርጉም ካለው አስቀድሞ መጠየቅ ነው። እኛ አልጠየቅንም ነበር።

ቀዶ ጥገናው ራሱ ትንሽ ነው። ብዙውን ጊዜ ከወገብ በታች ብቻ አደንዝዘው ይሠሩታል። በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ወደ ቤት ይገባል። እብጠትና መበለዝ ይኖራል፣ በአንድና ሁለት ሳምንት ይቀንሳል።

ጥቅሙ ሦስት ነው። አንደኛ ፍጥነቱ። ቴስቶስትሮን በሰዓታት፣ አብዛኛውን ጊዜ በግማሽ ቀን ውስጥ ይወርዳል። ካንሰሩ ኅብለ ሰረሰርን መጫን ለጀመረበት ወይም ሽንቱ ለተዘጋበት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለተኛ ወጪው አንድ ጊዜ ነው። ሦስተኛውን ሰው ብዙ አያስበውም፤ እኔ ግን ከሁሉ አስበልጠዋለሁ። ይህ ሕክምና አይቋረጥም። መንገድ ቢዘጋ፣ መድኃኒት ከገበያ ቢጠፋ፣ ብር ቢያጥር፣ ቀጠሮ ቢረሳ፣ ሕክምናው በሰውየው ገላ ውስጥ እየሠራ ነው። ሐኪም ቤት ለመድረስ ሁለት ቀን አውቶብስ ለሚሳፈር የገጠር አባት ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው የተንገላታ ነው። ከጎረቤቶቻችን ቀዶ ጥገናውን የመረጡ አንድ ሽማግሌ "ቀጠሮ መቁጠር ተውኩ" ብለውኛል። ከፊታቸው ላይ ያየሁት ዕረፍት ነበር።

ጉዳቱ ደግሞ መመለሻ የለውም። ሕክምናውን ለጊዜው ማቆም ቢፈለግ አይቻልም። ሌላው የስሜት ነገር ነው። ልጆቹ ተጭነውት እሺ ያለ፣ ሚስቱም ሳትሰማ የተደረገለት አንድ ዘመድ አለኝ። ካንሰሩ ጋብ አለለት፤ ከልጆቹ ጋር ግን ዓመት ሙሉ በወጉ አላወራም። ይህ ውሳኔ የሰውየው ነው። ቤተሰብ ያግዛል፣ ያስረዳል፣ አይወስንም።

መርፌው

በብዛት የምትሰሟቸው ስሞች ጎሰረሊን (ዞላዴክስ)፣ ሉፕሮላይድ (ሉፕሮን፣ ኤሊጋርድ) እና ትሪፕቶረሊን (ዲካፔፕቲል) ናቸው። በወር፣ በሦስት ወር፣ አንዳንዶቹ በስድስት ወር የሚወጉ አሉ። ዞላዴክስ ለምሳሌ 3.6 ሚሊግራሙ በየ28 ቀኑ፣ 10.8 ሚሊግራሙ በየ12 ሳምንቱ ነው። የሩዝ ፍሬ የምታህል ነገር ናት፣ ወፈር ባለ መርፌ ከሆድ ቆዳ ሥር ትገባና ቀስ እያለች ትሟሟለች።

ሥራቸው ትንሽ ይገርማል። ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ እጢ ለዘር ፍሬዎች "አምርቱ" የሚል መልእክት ትልካለች። መርፌው ይህቺን እጢ መጀመሪያ አብዝቶ ይቀሰቅሳታል፣ ከዚያ ትሰለችና መልእክቱን ትተዋለች። እስክትሰለች ድረስ ግን ባሉት አንድና ሁለት ሳምንታት ቴስቶስትሮን ይወጣል እንጂ አይወርድም። ሙሉ በሙሉ የሚወርደው ከሦስትና አራት ሳምንት በኋላ ነው። በነዚያ የመጀመሪያ ቀናት የአጥንት ሕመሙ ሊብስ፣ ሽንት ሊዘጋ፣ የጀርባ አጥንቱ የተጎዳ ሰው ደግሞ እግሩ ሊዝል ይችላል። ይህን ለመከላከል ባይካሉታማይድ የሚባል ኪኒን፣ አብዛኛውን ጊዜ በቀን 50 ሚሊግራም፣ ከመጀመሪያው መርፌ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ተጀምሮ ለጥቂት ሳምንታት ይሰጣል። መርፌ ከመረጣችሁ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ይህ ይሁን፦ "የመጀመሪያውን ቅስቀሳ የሚከላከለው ኪኒን ታዞልናል?"

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ገላ አይቀንስም። ሲቆም ሆርሞኑ ቀስ እያለ ሊመለስ ይችላል፣ በዕድሜ የገፉት ላይ ግን ወራት ይፈጅበታል፣ ጭራሽ የማይመለስበትም አለ። ከጊዜ በኋላ ፍሬዎቹ እንደሚያንሱም ማወቅ ጥሩ ነው። አባቴ ይህን ሲያዩ ደንግጠው ነበር፣ አስቀድሞ የነገራቸው አልነበረም።

አሁን የራሳችንን ችግር ልንገራችሁ። አባቴ የመረጡት መርፌውን ነበር። ሁለቱን በጊዜው ወሰዱ። ሦስተኛው ሲደርስ ስንገዛበት የነበረው መድኃኒት ቤት "አልቋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል" አለን። የሚቀጥለው ሳምንት ስድስት ሳምንት ሆነ። ሌላ ቦታ ስንፈልግ፣ ውጭ ያለ ዘመድ ስንለምን፣ ከሌላ ከተማ ስናስጠይቅ ፒኤስኤያቸው ወርዶ ከነበረበት ተነሥቶ መውጣት ጀመረ፣ የዳሌያቸው ሕመምም ተመለሰ። መርፌው ሲገኝ እንደገና ወረደ፤ ሌሊት ሌሊት ሲያቃስቱ የሰማሁትን ግን አልረሳሁትም።

ስለዚህ መርፌ የምትመርጡ ከሆነ የዛሬውን ስታስወጉ የሚቀጥለው በእጃችሁ ወይም በእርግጠኛ ቦታ መኖር አለበት። አቀማመጡንም ጠይቁ። ዞላዴክስ ከ25 ዲግሪ በታች በሆነ ክፍል ይቀመጣል። ኤሊጋርድ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። ሰመራ ወይም ጋምቤላ ላለ ሰው ይህ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከውጭ አገር በዘመድ ሻንጣ የሚመጣ ከሆነም ማለቂያ ቀኑንና በመንገድ የቆየበትን ሁኔታ ሐኪሙ ይየው። ከማታውቁት ሰው በስልክ ተነጋግራችሁ አትግዙ።

አዲሶቹ፦ ዴጋረሊክስና ሬሉጎሊክስ

እነዚህ ሁለቱ ፒቱታሪዋን ሳይቀሰቅሷት በቀጥታ ይዘጓታል። ያ የመጀመሪያ ሳምንታት አደጋ የለባቸውም።

ዴጋረሊክስ (ፊርማጎን) መርፌ ነው። መጀመሪያ ቀን ሁለት መርፌ፣ በጠቅላላው 240 ሚሊግራም፣ ከዚያ በየወሩ 80። አብዛኛው ሰው ላይ ሆርሞኑን በሦስት ቀን ያወርደዋል። ችግሩ የሦስት ወር የሌለው መሆኑና የተወጋው ቦታ ብዙ ሰው ላይ መቅላቱ፣ ማበጡና ማመሙ ነው።

ሬሉጎሊክስ (ኦርጎቪክስ) በአፍ የሚዋጥ ነው። አሜሪካ ውስጥ በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. ፈቃድ አገኘ። የመጀመሪያው ቀን 360፣ ከዚያ በየቀኑ 120 ሚሊግራም። ከ900 በላይ ወንዶች የተካፈሉበት ንጽጽር ላይ እንደ ልብ ድካምና ስትሮክ ያለ ከባድ ነገር የደረሰባቸው በሬሉጎሊክስ 2.9 በመቶ፣ በሉፕሮላይድ 6.2 በመቶ ነበሩ። ዴጋረሊክስን ከሉፕሮላይድ ጋር ለልብ ብቻ ያነጻጸረው ሌላ ጥናት ግን ልዩነት አላሳየም፤ ጥናቱ ሳይጨርስ ነው የቆመው። ስለዚህ ስለ ልብ የሚባለው ገና ያልተዘጋ ክርክር ነው። ያም ሆኖ ቀደም ብሎ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ የያዘው አባት ያለው ሰው "ይህ ይገኛል ወይ?" ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። የኪኒኑ አደጋ መርሳት ነው። መርፌ አንዴ ከገባ ሦስት ወር ይሠራል፣ ሬሉጎሊክስ ግን ጥቂት ቀን ከተዘለለ ሆርሞኑ ቶሎ ይመለሳል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲንም ያዳክመዋል።

አሜሪካ ላሉ አባቶቻችን አንድ ነገር፦ ሜዲኬር በሚባለው የመንግሥት የጤና መድን፣ ክሊኒክ ውስጥ የሚወጋው መርፌ በፓርት ቢ፣ ቤት የሚዋጠው ኪኒን በፓርት ዲ ነው የሚሸፈነው። ሁለቱ ላይ ከኪስ የሚወጣው ይለያያል። እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ በፓርት ዲ ለመድኃኒት ከኪስ የሚከፈለው በዓመት 2,000 ዶላር ላይ እንዲቆም ተደርጓል፣ ከዚያ በኋላ ትንሽ ከፍ ብሏል። ኪኒኑ ውድ ነው ተብሎ ሳይጠየቅ የሚቀር ሰው ስላለ ነው ይህን የማነሳው።

ታዲያ ለማን የቱ?

የእኔን አስተያየት ፊት ለፊት ልናገር። መርፌውን ሳይቋረጥ ለማግኘት እርግጠኛ የሆነ መንገድ ከሌላችሁ፣ ሰውየውም በቀዶ ጥገናው ከልቡ ከተስማማ፣ ቀዶ ጥገናው ይሻላል። "የድሃ ሕክምና" ነው የሚል ሰው ሰምቻለሁ፣ አልስማማም። በጊዜው የማይገኝ ዘመናዊ መርፌ ከአንድ ቀን ቀዶ ጥገና አይበልጥም። እግሩ እየዛለ ወይም ሽንቱ ተዘግቶ የመጣ ሰው ከሆነ ቶሎ የሚሠራውን ምረጡ፣ ማለትም ቀዶ ጥገናውን ወይም ከተገኘ ዴጋረሊክስን።

ሰውየው ቀዶ ጥገናውን ሲያስበው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ወይም መድን ያለው፣ ሐኪም ቤቱም ቅርቡ የሆነ ሰው ከሆነ፣ መርፌው ይሁን። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካላችሁ ቀዶ ጥገናውንና መርፌውን ለየብቻ ምን ያህል እንደሚሸፍን ከመወሰናችሁ በፊት ጠይቁ። ከመርፌ ወደ ቀዶ ጥገና በማንኛውም ጊዜ መሻገር ይቻላል፣ ከቀዶ ጥገና ወደ መርፌ ግን አይቻልም። ስለዚህ ያመነታ ሰው በመርፌ ጀምሮ ቢያስብበት ክፋት የለውም። አባቴም ያደረጉት ይህንኑ ነው። በአሥራ አራተኛው ወር፣ መድኃኒቱ ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠፋ፣ እኛ ምንም ሳንል ራሳቸው ተነሡና "በቃ፣ ይሠሩልኝ" አሉ። ያኔ ቃሉ አላስፈራቸውም ነበር። ወር ሙሉ መርፌ ፍለጋ የዞርነውን ሁሉ አይተዋል።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ባይካሉታማይድ ኪኒን ርካሽ ስለሆነና በየመድኃኒት ቤቱ ስለሚገኝ እሱን ብቻ ይዘው ወራት የሚቆዩ ሰዎች አሉ። ለተሰራጨ ካንሰር ብቻውን ከቀዶ ጥገናውም ከመርፌውም ያነሰ ነው። ጡትም ያሳብጣል፣ ያማል። የተሰጣችሁ እሱ ብቻ ከሆነ ምክንያቱን ጠይቁ።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ምን ይጨመር?

ድሮ ሆርሞኑ ከወረደ ሕክምናው አለቀ ነበር። አሁን ግን ሰውየው አቅም እስካለው ድረስ ከመጀመሪያው ሌላ መድኃኒት መጨመር ዕድሜን እንደሚያረዝም በደንብ ታይቷል። ይህን ብዙ ቤተሰብ ሳይሰማ ይቀራል። ያቺን ከአድሬናል የምትመጣ ጥቂት ሆርሞን አስታወሳችኋት? እሷንም፣ ካንሰሩ ራሱ የሚሠራውንም የሚዘጋው አቢራተሮን ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ትልቅ ጥናት ካንሰራቸው ከባድ የሆነ ወንዶችን ሲከታተል፣ አቢራተሮን ከተጨመረላቸው ውስጥ ከሦስት ዓመት በኋላ 66 በመቶው በሕይወት ነበሩ፣ ካልተጨመረላቸው 49 በመቶው። በ2019 የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም ገብቷል።

አቢራተሮን ፕሬድኒሶሎን ወይም ፕሬድኒሶን ከሚባል የስቴሮይድ ኪኒን ጋር ነው የሚወሰደው። ፕሬድኒሶሎኑን በራስ ሥልጣን በድንገት ማቆም አደገኛ ነው። አቢራተሮን ራሱ ደም ግፊት ይጨምራል፣ ፖታሺየም ያወርዳል፣ ጉበት ሊነካ ይችላል፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት የደም ምርመራው ይደጋገማል። የሚወሰደው በባዶ ሆድ ነው፣ ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላ፣ ከዚያም ቢያንስ አንድ ሰዓት ሳይበላ። ቅባት ከበዛበት ምግብ ጋር ከተወሰደ ወደ ደም የሚገባው እስከ አሥር እጥፍ ሊደርስ ስለሚችል በዓል ነው ብሎ ከዶሮ ወጥ ላይ መዋጥ አይገባም። የተለመደው መጠን 1,000 ሚሊግራም ነው። ዋጋው ለማይቻለው ሰው ግን ሐኪሙን አንድ ነገር መጠየቅ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2018 በ72 ሰዎች ላይ የተደረገ ትንሽ ጥናት 250 ሚሊግራም ከቀላል ቁርስ ጋር ሲሰጥ ፒኤስኤን ከሙሉው መጠን ባልተናነሰ እንዳወረደ አሳይቷል። ወጪው ወደ ሩብ ይወርዳል ማለት ነው። ይህ በሐኪም ብቻ የሚወሰን ነው፣ ቤት ውስጥ ኪኒን መቁረጥ አይደለም።

በአቢራተሮን ፋንታ ሊጨመሩ የሚችሉ ሌሎች ኪኒኖችም አሉ። ኤንዛሉታማይድ ፕሬድኒሶሎን አይፈልግም። ስኳር ላለበት ሰው ይህ ይጠቅማል። ግን ያደክማል፣ አረጋውያን ላይ መውደቅን ያበዛል፣ የሚጥል በሽታ ላለበትም አይመከርም። ከብዙ መድኃኒቶች ጋር ይጋጫል፣ ደም ማቅጠኛውን ዋርፋሪንንና አንዳንድ የኤችአይቪ መድኃኒቶችን ጨምሮ። አፓሉታማይድ ከአራት ሰው አንዱ ገደማ ላይ ሽፍታ ያወጣል፣ ታይሮይድንም ያዳክማል። ዳሮሉታማይድ ወደ አንጎል ብዙ ስለማይገባ ድካሙ ይቀላል፣ በቀን ሁለቴ ከምግብ ጋር ይወሰዳል።

ዶሴታክሰል ደግሞ ኬሞቴራፒ ነው። በየሦስት ሳምንቱ፣ ስድስት ጊዜ። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ጥናት ከሆርሞን ሕክምናው ጋር ከወሰዱት ግማሾቹ ከ57.6 ወር በላይ ሲኖሩ፣ የሆርሞን ሕክምናውን ብቻ ካገኙት ግማሾቹ የኖሩት ከ44 ወር በላይ ነበር፤ ጥቅሙ የጎላውም ካንሰሩ በብዙ ቦታ በተሰራጨባቸው ላይ ነው። ጸጉር ይረግፋል፣ ነጭ የደም ሴል ይወርዳል፣ ትኩሳት ከመጣ ወዲያው ሐኪም ቤት ነው። ግን በአራት ወር ገደማ ያልቃል። ኪኒኑ ለዓመታት የሚገዛ ነው። ገንዘቡን ስታሰሉ ይህን አብራችሁ አስሉ፣ ያልቃል የሚባል ወጪና የማያልቅ ወጪ አንድ አይደሉም።

ገላ ላይ የሚመጣው

ቀዶ ጥገናም ይሁን መርፌ ወይም ኪኒን፣ ሆርሞኑ ሲወርድ የሚመጣው ተመሳሳይ ነው። ድንገተኛ ሙቀት አለ። ከደረት ተነሥቶ ፊት ላይ የሚወጣ ወበቅ፣ ከዚያ ላብ፣ ከዚያ ብርድ። እስከ 80 በመቶ የሚሆኑት ላይ ይታያል። ትኩስ ቡናና በርበሬ የሚያባብስበት ሰው አለ፣ አረቄም እንዲሁ። አባቴ ቡናውን አልተዉትም፣ አቀዝቅዘው መጠጣት ጀመሩ። ከከበደ መድኃኒት አለው፣ ለሐኪም ንገሩ።

የግብረ ሥጋ ፍላጎት ይጠፋል። ቀንሷል ማለት ብቻ አይደለም፣ ብዙዎች ሐሳቡም አይመጣልኝም ይላሉ። በእኛ ቤት ይህን ማንም አልተናገረም። አባቴ መኝታቸውን ወደ መደቡ አዞሩ። እናቴ ስምንት ወር ሙሉ ተቆጥተውኛል ብላ አስባ ኖረች። መድኃኒቱ ነው ብሎ ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጦ የነገራቸው ነርስ እስኪመጣ ድረስ። እባካችሁ ሚስትየዋ መጀመሪያ ቀን ሐኪሙ ክፍል ውስጥ ትግባ። ልጆች ውጭ ይጠብቁ። ሁለቱ የሚጠይቁት ነገር አለ፣ በልጆች ፊት አይወጣም።

አጥንት ይሳሳል፣ ጡንቻ ይቀንሳል፣ ሆድ አካባቢ ስብ ይጨምራል፣ ስኳርና ኮሌስትሮል ሊወጡ ይችላሉ፣ ደም ማነስም አለ። አንዳንዱ ሆደ ባሻ ይሆናል፣ ያለቅሳል፣ ነገር ይረሳል። "ተቀየረ" ብላችሁ አትዘኑበት። ከሁሉ የሚያግዘው መንቀሳቀስ ነው። መራመድ ጥሩ ነው፣ ጡንቻ የሚያሠራ ነገር ሲጨመርበት ይበልጣል። ከወንበር ተነሥቶ መቀመጥ በተከታታይ አሥር ጊዜ፣ ውሃ የሞላ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ማንሣት። አጥንቱ በካንሰር የተጎዳ ከሆነ ግን የትኛው እንቅስቃሴ እንደሚፈቀድ መጀመሪያ ይጠየቅ።

ካልሲየም በቀን ከ1,000 እስከ 1,200 ሚሊግራም፣ ቫይታሚን ዲም ያስፈልጋል። የሚጾም ሰው ወተትና እርጎ ስለማይነካ እነዚህ ቀናት ላይ ጎመን፣ ሰሊጥና የጤፍ እንጀራ ይብዙለት፣ ካልበቃ ኪኒኑን ይውሰድ። አጥንት የሚያጠነክር እንደ ዞሌድሮኒክ አሲድ ያለ መርፌ ከታዘዘ ደግሞ የሚነቀል ጥርስ አስቀድሞ ይነቀል፤ ከተጀመረ በኋላ ጥርስ ማስነቀል የመንጋጋ አጥንትን ሊጎዳ ይችላል።

ቁጥሮቹና ክትትሉ

ፒኤስኤ ብቻውን አይበቃም። ቴስቶስትሮንም ይለካ። ሕክምናው እየሠራ ከሆነ ከ50 ናኖግራም በዴሲሊትር በታች መሆን አለበት። ፒኤስኤ ወጥቶ ቴስቶስትሮንም ወጥቶ ከሆነ መርፌው በትክክል አልገባም ወይም ጊዜው አልፏል፤ ካንሰሩ ተላምዷል ማለት ላይሆን ይችላል። እኛ ዘንድ የሆነውም ይኸው ነበር።

ቴስቶስትሮን ወርዶ ፒኤስኤ እየወጣ ከሆነ ካንሰሩ ያለ ሆርሞን ማደግ ጀምሯል። ያኔም የተጀመረው መርፌ አይቆምም፣ ሌላ ይጨመርበታል እንጂ። "አልሠራም" ብለው መርፌውን ትተው የሚቀሩ ሰዎች አሉ፣ ይህ ይጎዳቸዋል።

መርፌውን እያቆሙ መቀጠልም የሚባል ነገር አለ። ፒኤስኤ በደንብ ሲወርድ ያቆሙና ሲወጣ ይመልሱታል። ፍላጎትና ጉልበት ለጊዜው ይመለሳል። አጥንት ላይ ለደረሰ ካንሰር ግን ከተከታታዩ እኩል ዕድሜ እንደሚሰጥ አልተረጋገጠም፣ ጥብቅ ክትትልም ይፈልጋል። ፒኤስኤ በየጊዜው ማሠራት የማይችል ሰው ባይሞክረው እመርጣለሁ።

አንድ ደብተር ይኑራችሁ። መርፌው የተወጋበት ቀን፣ የሚቀጥለው ቀን፣ የፒኤስኤና የቴስቶስትሮን ቁጥር፣ ደም ግፊት፣ የሚወስዳቸው ሌሎች መድኃኒቶች፣ የባህል መድኃኒት ካለም እሱን ጨምሮ ይጻፍ። ሐኪም በተቀየረ ቁጥር የጠፋ ካርድ ከመፈለግ ያድናል።

በመጨረሻ፣ ደብተሩ ሽፋን ላይ በትልቁ ይጻፍ ያልኩት ይህ ነው፦ አዲስ ወይም የባሰ የጀርባ ሕመም ከእግር መዛል ወይም መደንዘዝ ጋር ከመጣ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ ሽንት ጭራሽ እምቢ ካለ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት። እሑድም ቢሆን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ቀጠሮው ነገ ቢሆንም።